ሲአርፒዎ ከፍ ብሏል ሲባሉ

የአሜሪካ የልብ ሕክምና ኮሌጅ በሴፕቴምበር 2025 አንድ መግለጫ አወጣ። ኮሌስትሮሉን የሚለካ ሰው ሲአርፒውንም (ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ወደ ደም የሚያፈሰውን ፕሮቲን) ይለካ ይላል። የልብ ህመም ኖሮበት የሚታከመውም፣ ምንም የሌለበት ጤነኛውም። እስከዚያ ድረስ ምርመራው ሐኪሙ ካሻው የሚታዘዝ ዓይነት ነበር።

ስሙ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ወይም የመገጣጠሚያ ህመም ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ከኢኤስአር (ሌላው የብግነት ምርመራ) እና ከኤኤስኦ (ስትሬፕቶኮከስ የተባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ያለፈበትን አሻራ የሚፈልግ ምርመራ) ጋር አብሮ ሲታዘዝለት ያየዋል። ወረቀቱ "ፖዘቲቭ" ተብሎ ይመለሳል። "ኢንፌክሽን አለ" ይባላል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ አንቲባዮቲክ ተገዝቶ ያልቃል። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለው ደግሞ ውጤቱን ሐኪሙ ሳይደውልለት ስልኩ ላይ ያገኘዋል። ቁጥሩ አጠገብ ከፍ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት አለ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ጎግል ነው።

ሁለቱም ጋ የሚቀረው ነገር ይመሳሰላል። ይህ ፕሮቲን ምን ይናገራል? ምን አይናገርም? ከፍ ማለቱ ራሱ ሰውን ይጎዳል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ለዓመታት ሐኪሞችን ሲያከራክር ኖሮ፣ መልስ ያገኘው ከሰው ጂን ነው። በኔ እምነት የሲአርፒ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገርም እሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሳንባ ምች ህመምተኞች ደም

ነገሩ የተጀመረው በ1930 ኒውዮርክ፣ በሮክፌለር ተቋም ሆስፒታል ውስጥ ነው። ፔኒሲሊን ገና ለህመምተኛ አልደረሰም። የሳንባ ምች ብዙ ሰው ይገድላል፤ ሐኪሙ በእጁ ያለው ነገር ጥቂት ነው። ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሳንባ ምች ከሚያመጣው ባክቴሪያ አንድ ስኳር መሰል ነገር ለይተው "ሲ" ብለውታል። ይህን ከህመምተኞች ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ጠራ ያለ ፈሳሽ) ጋር ሲቀላቅሉት ቱቦው ውስጥ ዝቃጭ ይሠራል። ህመምተኛው ሲሻለው ግን ያው ሴረም ዝም ይላል። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የሳንባ ምች ብቻ ምልክት መስሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን በሌሎች ህመሞችም ታየ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የኦስዋልድ ኤቨሪ ቡድን ነገሩ ፕሮቲን መሆኑን አረጋገጠ። በ1947 ማክሊን ማካርቲ በክሪስታል መልክ አጣርቶ አወጣው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኤቨሪና ማካርቲ፣ ከኮሊን ማክላውድ ጋር ሆነው፣ በ1944 ዘርን የሚያስተላልፈው ዲኤንኤ መሆኑን ያሳዩት ሰዎች ናቸው። ሁለቱን ሥራ እዚያው አንድ ተቋም ውስጥ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ስልሳ ዓመት ካለፈ በኋላ የዚያን ፕሮቲን እንቆቅልሽ የሚፈታው ይኸው ዲኤንኤ ይሆናል ብሎ ያኔ ማን ይገምታል?

ጉበት ሲታዘዝ

ሰውነት ውስጥ አንድ ቦታ ጉዳት ደረሰ እንበል። ባክቴሪያ ገባ፣ አጥንት ተሰበረ፣ ወይም ቀዶ ጥገና ተደረገ። ብግነት፣ ብዙዎቻችን ኢንፍላሜሽን የምንለው፣ ይጀምራል። እዚያ ያሉት የመከላከያ ሴሎች ኢንተርሊኪን 6 የሚባል መልእክተኛ ወደ ደም ይለቃሉ። መልእክቱ ጉበት ይደርሳል። በጉበት ሴሎች ውስጥ፣ በክሮሞዞም 1 ረጅሙ ክንድ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጂን አለች። በጤና ጊዜ አንቀላፍታ ነው የምትኖረው። መልእክቱ ሲደርሳት ትነቃለች፤ ጉበትም ሲአርፒን እያመረተ ወደ ደም ማፍሰስ ይጀምራል።

ፍጥነቱ ይገርማል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መጠኑ መውጣት ይጀምራል። በየ8 ሰዓቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ከ36 እስከ 50 ሰዓት ላይ ጣራ ይነካል። ጤነኛ ሳለ በሊትር 1 ሚሊግራም የነበረው ሰው ከባድ ኢንፌክሽን ሲይዘው 300 እና 400 ሊገባ ይችላል።

አወራረዱም የሚያስተምር ነገር አለው። ፕሮቲኑ ከደም የሚጸዳበት ፍጥነት በጤነኛም በታማሚም ያው ነው፤ ግማሹ በ19 ሰዓት ገደማ ይጠፋል። ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው መጠን የሚነግረን ጉበት በዚያ ሰሞን ምን ያህል እያመረተ እንደሆነ ነው። መድኃኒቱ ከሠራ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ ያሽቆለቁላል። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ላይ ደግሞ መውረድ በሚገባው ቀን እንደገና ሽቅብ ከወጣ፣ ሐኪሙ ቁስሉን ደግሞ ማየት አለበት። ከኢኤስአር የሚሻለውም በዚህ ነው። ኢኤስአር ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከዳኑ በኋላም ለሳምንታት ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። የደም ማነስና እርግዝና ብቻቸውን ያንሩታል።

ፕሮቲኑ ራሱ ሥራ ፈት አይደለም። አምስት አንድ ዓይነት ቁራጮች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 206 አሚኖ አሲድ አለው። ቀለበቱ በአንድ ፊቱ ፎስፎኮሊን የተባለ ሞለኪውል ይይዛል። ይህ ሞለኪውል በብዙ ባክቴሪያዎች ገላ ላይ አለ፤ በተጎዱና በሞቱ የራሳችን ሴሎች ላይም ይገለጣል። ቀለበቱ በሌላው ፊቱ ኮምፕሊመንት የሚባለውን የመከላከያ ሰንሰለት ይጠራል። ከዚያ በላተኛ ሴሎች መጥተው የተያዘውን ይውጡታል። ማለትም ሲአርፒ ጠላትንም ይይዛል፣ የሞተውንም ያስጠርጋል። ዘመዱ የሆነ ፕሮቲን ሆርስሹ ክራብ በሚባለው ጥንታዊ የባሕር ፍጥረት ውስጥም አለ፤ ዕድሜው ረጅም ነው ማለት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ባለችው አይጥ ላይ ግን ብግነት ሲነሳ ይህ ፕሮቲን እምብዛም አይጨምርም። ለተመራማሪዎች ትልቅ ራስ ምታት የሆነው ይህ ነው። አይጥ ላይ የታየውን ይዞ "ሰውም እንዲሁ ነው" ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ብዙ ጤነኛ ሰዎች ከ3 በታች ናቸው። ከ10 በላይ ሲሆን አንድ የሚፈለግ ነገር አለ ይባላል። ከ100 ሲያልፍ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል። ግን እነዚህ መስመሮች ስስ ናቸው። ቫይረስም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ወባ ጥሩ አድርጎ ያንረዋል። ካንሰር፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ የአንጀት ብግነት፣ የልብ ድንገተኛ ህመም፣ ሁሉም ያው በር ያንኳኳሉ። የግቢ ውሻ ማታ ሲጮህ ሰው መምጣቱን ያስታውቃል እንጂ ሌባ ይሁን እንግዳ አይለይም፤ ሲአርፒም እንደዚያው ነው። ህመም በሌለበትም ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ውፍረት ያለው ሰው፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት፣ መጠናቸው በትንሹ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ዝም የሚልበት ጊዜም አለ፤ ይህ የበለጠ ያሳስበኛል። ህመሙ ገና በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቁጥሩ ገና አልወጣም። ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው በደንብ አያመርትም። ሉፐስ የተባለው፣ መከላከያው የራሱን አካል የሚያጠቃበት ህመም ያለባቸው ሰዎች ህመሙ ሲነሳባቸው እንኳ ሲአርፒያቸው ብዙ ጊዜ መጠነኛ ሆኖ ይቀራል፤ እነሱ ላይ በጣም ከፍ ካለ ኢንፌክሽን መጠርጠር ነው። ኢንተርሊኪን 6ን የሚያግድ ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከባድ ኢንፌክሽን ይዞትም ሲአርፒው ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል። መልእክቱ መንገድ ላይ ስለተዘጋ ጉበቱ ምንም አልሰማም።

ስላይዱ ላይ የሚሆነው

ሀገር ቤት በብዙ ላብራቶሪዎች የሚሠራው በላቴክስ ነው። ጥቁር ክብ ያለው ስላይድ ይቀርባል። አንድ ጠብታ ሴረም፣ አንድ ጠብታ ወተት የመሰለ፣ ሲአርፒን የሚይዙ ጥቃቅን ኳሶች ያሉበት ላቴክስ። በእንጨት ይቀላቀላል። ስላይዱ ለ2 ደቂቃ ያህል እየተሽከረከረ ይታያል። ላቴክሱ ተቋጥሮ ነጠብጣብ ከሠራ ፖዘቲቭ፣ እንደ ወተት ለስልሶ ከቀረ ኔጌቲቭ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ማሽን አይፈልግም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፖዘቲቭ የሚለው ቃል ብዙ ይደብቃል። አብዛኛውን ጊዜ ላቴክሱ መቋጠር የሚጀምረው በሊትር 6 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ ጉንፋን ይዞት 8 የሆነውም፣ ደሙ ተመርዞ 250 የደረሰውም ያው አንድ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ላብራቶሪው ሴረሙን እያቀጠነ ደጋግሞ ካልሠራው በስተቀር ልዩነቱ አይታይም። ሁለተኛው ደግሞ ግራ ያጋባል። ሲአርፒ ከመጠን በላይ ሲበዛ ላቴክሱ ላይቋጠርና ውጤቱ ኔጌቲቭ ሊመስል ይችላል። በጣም የታመመው ሰው ነጻ ተብሎ ይሄዳል ማለት ነው። ይህንንም የሚገልጠው ማቅጠኑ ነው። ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንዲጻፍ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቁጥር ካለም መለኪያውን ማየት ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ በሊትር ነው የሚጻፈው። አሜሪካ ያሉ ብዙ ላብራቶሪዎች በዴሲሊትር ይጽፋሉ። እዚያ 1.5 የተባለው እዚህ 15 ነው። ውጤቱን ፎቶ አንስቶ በዋትስአፕ ለዘመድ ሐኪም የሚልክ ሰው መለኪያውን ቆርጦ ካስቀረው፣ ስህተቱ በአሥር እጥፍ ነው።

ለልብ የሚለካው "ከፍተኛ ትብነት ያለው" የሚባለው ምርመራ ፕሮቲኑ ያው ነው፣ የተለየ ነገር የለውም። ልዩነቱ መሣሪያው በ1 እና በ3 መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት መለየቱ ነው። በላቴክስ ይህን ማየት አይቻልም።

ልብ፣ ጂንና 2008

እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሲአርፒ የኢንፌክሽንና የቁርጥማት ጉዳይ ነበር። በ1997 ቦስተን ያለው ፖል ሪድከር ከባልደረቦቹ ጋር ጤነኛ የነበሩ ወንድ ሐኪሞችን ደም መረመረ። ሲአርፒያቸው ከፍተኛው ሩብ ውስጥ የነበሩት፣ ዝቅተኛው ሩብ ውስጥ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በኋላ የልብ ድንገተኛ ህመም የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ቅባት የደም ስርን ይዘጋል ብቻ ይባል የነበረው ታሪክ ተቀየረ። የደም ስር ግድግዳ ራሱ ይቆጣል፣ ይበግናል። በ2003 የአሜሪካ የልብ ማኅበርና የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ መስመር አሰመሩ። ከ1 በታች ዝቅተኛ ስጋት፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ። ሪድከር በዚህ ምርመራ ላይ በተመዘገቡ ፓተንቶች ፈጣሪ ተብለው ከሰፈሩት አንዱ መሆኑንም እዚህ ላይ መጥቀስ ደግ ነው። ራሱም በጽሑፎቹ ያሳውቃል።

ከዚያ ዋናው ክርክር መጣ። ሲአርፒ የልብ ህመምን ያመጣል? ወይስ ህመሙ በሚሠራበት አካባቢ ስላለ ብቻ ነው የሚታየው? ውፍረት ሲአርፒን ያንራል፣ ልብንም ይጎዳል። ሲጋራም እንዲሁ። ሁለቱን መለያየት ቀላል አይደለም።

እዚህ ነው ጂኗ የገባችው። በሲአርፒ ጂን ላይና ዙሪያዋ ሰው ከሰው የሚለያይባቸው ትንንሽ ነጥቦች አሉ። እነዚህ ልዩነቶች ፕሮቲኑን ራሱን አይቀይሩትም፤ መጠኑን ግን ዕድሜ ልክ ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ አድርገው ይይዙታል። ማን የትኛውን ይወርሳል የሚለው የዕጣ ጉዳይ ነው። ሀብታም ድሃ፣ አጫሽ ስፖርተኛ አይልም። ስለዚህ ጥያቄው በጣም ቀላል ሆነ። ከፍ የሚያደርገውን ዕጣ የወረሱ ሰዎች ልባቸው ቶሎ ይታመማል ወይ?

ዴንማርኮች በኦክቶበር 2008 መልሱን አወጡ። የጂን ልዩነቶቹ ሲደማመሩ ሲአርፒን እስከ 64 በመቶ ከፍ ያደርጋሉ። ሲአርፒ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ በስሌት እነዚህ ሰዎች ላይ የልብ ህመም እስከ 32 በመቶ መጨመር ነበረበት። አልጨመረም። ምንም። በ2011 ደግሞ ከ194,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ወጣ፤ ከነሱ ውስጥ ከ46,000 በላይ የሚሆኑት የልብ ህመምተኞች ነበሩ። እሱም እዚያው ደረሰ።

ጉዱ ግን የዴንማርኮቹ ጽሑፍ ከወጣ ወር ሳይሞላ የመጣው ነው። በኖቬምበር 2008 ጁፒተር የተባለው የሪድከር ጥናት ተነገረ። 17,802 ሰዎች፣ "መጥፎ" የሚባለው ኮሌስትሮላቸው ከ130 በታች፣ ሲአርፒያቸው ግን 2 እና ከዚያ በላይ። ግማሾቹ ሮሱቫስታቲን የተባለ ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት ተሰጣቸው። ጥናቱ ከተያዘለት ጊዜ በፊት ቆመ፤ የልብ ህመምና ስትሮክ በመድኃኒቱ በኩል በ44 በመቶ ስለቀነሰ። አንዱ መጽሔት፣ አንዱ ወቅት፣ ሁለት የተቃረኑ የሚመስሉ ዜናዎች። የሰው አፍ ላይ የቀረው ሁለተኛው ብቻ ነበር። "ሲአርፒ ሲወርድ ልብ ይድናል" ተባለ። ግን መድኃኒቱ ሲአርፒን በ37 በመቶ ሲያወርድ ያንን ኮሌስትሮል በ50 በመቶ ቆርጦታል። ጥቅሙ ከየት መጣ ቢባል ኮሌስትሮሉን ማን ይረሳል?

እንግዲህ ብግነት ከልብ ህመም ነጻ ወጣ ማለት ነው? አይደለም። ከሲአርፒ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥተው ሌላ ጂን ሲያዩ ነገሩ ተቀየረ። በ2012 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች የኢንተርሊኪን 6 መቀበያ ጂን ላይ ያለ ልዩነትን መረመሩ። ያንን ልዩነት የወረሱ ሰዎች ሲአርፒያቸው ዝቅ ይላል፣ የልብ ህመማቸውም ያንሳል። ትእዛዙን የሚያስተላልፈው መስመር ልብን ይነካል፤ ትእዛዙን ተቀብሎ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ግን አይነካም። ለኔ ከዚህ በላይ የጠራ ማስረጃ በሕክምና ብዙ አይገኝም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጂኑ የሚነግረን ዕድሜ ልክ ስለሚቆይ ትንሽ ከፍታ ነው። አንድ ሰው የልብ ድንገተኛ ህመም ይዞት ሲአርፒው በሁለት ቀን ሽቅብ ሲተኮስ፣ ያ ጎርፍ የተጎዳውን ልብ ይብስ ይጎዳው እንደሆነ ሌላ ጥያቄ ነው። ለንደን ያለው ማርክ ፔፒስ በ2006 የሰው ሲአርፒ በተሰጣቸው አይጦች ላይ ጉዳቱ ሲሰፋ፣ ፕሮቲኑን የሚያግድ ሞለኪውል ሲሰጥ ደግሞ ሲጠብብ አሳይቷል። ያ በር ገና አልተዘጋም።

ከ2012 በኋላ ሩጫው ወደ መድኃኒት ዞረ። በ2017 ካንቶስ የተባለው ጥናት ወጣ። ልባቸው አንድ ጊዜ የታመመ፣ ሲአርፒያቸው 2 እና ከዚያ በላይ የሆነ 10,061 ሰዎች ካናኪኑማብ ወይም ማስመሰያ ተሰጣቸው። መድኃኒቱ ኮሌስትሮልን አይነካም፤ የሚያግደው ከኢንተርሊኪን 6 በላይ ያለውን ኢንተርሊኪን 1 ቤታ ነው። በ150 ሚሊግራም መጠን የልብ አደጋ በ15 በመቶ ቀነሰ። በሌላ በኩል የሚገድል ኢንፌክሽን ጨመረ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም ለልብ አልፈቀደውም። ቀጥሎ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት ተሞከረ፤ ሲአርፒንም አላወረደ፣ ልብንም አልጠቀመ። በመጨረሻ ተራው ለሪህ ሲሰጥ የኖረው አሮጌው ኮልቺሲን ሆነ። በ2020 የተረጋጋ የልብ ህመም ባለባቸው 5,522 ሰዎች ላይ አደጋውን በ31 በመቶ ቀነሰ፤ በጁን 2023 አሜሪካ ለልብ ተፈቀደ። በ2024 ግን ልባቸው ገና በታመመ ከ7,000 በላይ ሰዎች ላይ ሲሞከር ጥቅም አላሳየም። ነገሩ ገና አልለየለትም።

ስለዚህ ቲክቶክ ላይ "ሲአርፒን የሚያወርድ" ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄትና ክኒን ስታዩ ጥያቄው አጭር ነው። ምንጩን ነው የሚነካው ወይስ ቁጥሩን? ቁጥሩን ማውረድ ብቻውን ልብን እንደማያድን ጂኑ ነግሮናል። ክብደት መቀነስና ሲጋራ ማቆም ሲአርፒን የሚያወርዱት ምንጩን ስለሚነኩ ነው። የ2025ቱ መግለጫም ቢሆን የሚጠቅመው በዚህ መንፈስ ከተወሰደ ነው፤ ኮሌስትሮሉ ደህና የሚመስለውን ሰው ደግሞ ለማየት። አንድ ቀን ተለክቶ 4 ስለተገኘ መደንገጥ አያስፈልግም። ከድሮ ጀምሮ ምክሩ በደህና ቀን፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መለካት ነው። ከ10 ከበለጠ ደግሞ የልብ ስጋት መለኪያ መሆኑ ይቀራል፤ መጀመሪያ ኢንፌክሽን ይፈለጋል።

ሌላም ነገር አለ። እነዚያ 1 እና 3 የተባሉ መስመሮች በዋናነት የወጡት ከአውሮፓ ዘር ከሆኑ ሰዎች ጥናት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች የጥቁሮች ሲአርፒ በአማካይ ከፍ ይላል። ከፊሉ የክብደትና የኑሮ ጉዳይ ነው፤ ከፊሉ ግን መጠኑን ከፍ የሚያደርጉ አንዳንድ የጂኗ ልዩነቶች በአፍሪካ ተወላጆች ላይ በብዛት ስለሚገኙ ነው። በጂን ብቻ የመጣው ከፍታ ልብን እንደማይጎዳ ካየን፣ 3.2 ያለውን ሀበሻ ያለ ሌላ ምክንያት "ከፍተኛ ስጋት" ብሎ መፈረጅ ይከብዳል።

እኛ ጋ የሚሠራበት

የልቡን ክርክር ለጊዜው እንተወው። ሲአርፒ ሀገር ቤት ከልብ ይልቅ በሌላ ቦታ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል።

አንደኛው አንቲባዮቲክን ለመቀነስ ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ቁጥር የሚሰጡ መሣሪያዎች አሉ። ሃኖይና አካባቢዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በተደረገ፣ በ2016 በታተመ ጥናት፣ ሳልና ጉንፋን ይዞአቸው ከመጡት ውስጥ ሲአርፒ የተለካላቸው 64 በመቶዎቹ አንቲባዮቲክ ወሰዱ፤ ያልተለካላቸው 78 በመቶ። እንግሊዝ ውስጥ በ2014 የወጣ መመሪያ ከ20 በታች ከሆነ አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ፣ ከ100 በላይ ከሆነ እንዲሰጥ ይመክር ነበር። እኛ ጋ ግን በቀጥታ አይገለበጥም። ወባ ባለበት ቆላ 120 የሆነ ሲአርፒ ባክቴሪያ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የወባው ምርመራ ይቀድማል። መድኃኒት ቤት ሄዶ አሞክሳሲሊን ያለ ወረቀት መግዛት በሚቻልበት ሀገር ደግሞ ሐኪሙ "አያስፈልግህም" ማለቱ ብቻውን ብዙ ርቀት አይሄድም። ቢያንስ ግን ሐኪሙ በእጁ ቁጥር ይዞ "ይኸው፣ 9 ነው፣ ሦስት ቀን ጠብቅ" ሲል ከባዶ ቃል ይሻላል።

ልጆች ላይ ደግሞ የሩማቲክ ትኩሳት አለ። የጉሮሮ ህመም ያስከትለዋል፣ የልብ ቫልቭ ያበላሻል። ህመሙ በሚለይበት፣ በ2015 በተከለሰው የጆንስ መስፈርት ሲአርፒ በሊትር 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መሆኑ ከንዑስ መለያዎቹ አንዱ ነው። ልብ በሉ፣ 30 ነው የተባለው። ላቴክሱ 6 ላይ "ፖዘቲቭ" ስላለ ብቻ፣ ኤኤስኦውም ከፍ ስላለ ብቻ፣ ልጁ ለዓመታት በየወሩ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንዲወጋ መወሰን ተገቢ አይደለም። የልብ አልትራሳውንድና ዋናዎቹ ምልክቶች መታየት አለባቸው።

የደም ማነስ ምርመራ ላይም ሳይታወቅ ገብቶ ይሠራል። ፌሪቲን የተባለው የብረት ክምችት መለኪያ ብግነት ሲኖር ብረቱ ሳይጨምር ከፍ ይላል፣ ብረት የጎደለውን ሰው ሞልቶለታል ያስመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ጤነኛ ሰው ፌሪቲኑ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ሲሆን ብረት ጎድሎታል ይባላል፤ ብግነት ካለበት ግን መስመሩ ወደ 70 ከፍ ይላል። ብግነት መኖር አለመኖሩን ከሚናገሩት አንዱ ሲአርፒ ነው።

ከሁሉም በላይ ለኛ የሚቀርበው የቲቢው ነው። ኢትዮጵያ የቲቢም፣ የቲቢና ኤችአይቪም ጫና ከበዛባቸው ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ቲቢ ይኑርበት አይኑርበት የሚጣራው በአራት ጥያቄ ነበር፤ ሳል፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ። ከአራቱ አንዱን "አዎ" የሚል ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ውድ የሆነው የአክታ ምርመራ ብዙ ጊዜ ቲቢ በሌለባቸው ሰዎች ላይ ያልቅ ነበር። ኡጋንዳ ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት ሊጀምሩ በመጡ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከጣት የሚወሰድ ሲአርፒ ከጥያቄዎቹ በተሻለ ለየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ አዋቂዎችና ወጣቶች ሲአርፒን የማጣሪያ አማራጭ አድርጎ ተቀበለ። መስመሩ በሊትር 5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ቲቢ አለበት አይባልም፣ መድኃኒትም አይጀመርለትም። አክታውን ሰጥቶ የቲቢ ባክቴሪያን ዲኤንኤ ወደሚፈልገው ጂንኤክስፐርት ማሽን ይሄዳል።